ከዶሮ ቤት ወደ መስታወት ቤት፦ የጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የፍሬሽዋተር ዓመታትና የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ

የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሀገሩ ልብስ ተቀምጦ የሚታይበትን ፎቶግራፍ የማያውቅ የታሪክ ተማሪ ጥቂት ነው። እኔም ምስሉን ያወቅሁት ገና በልጅነቴ ሲሆን፣ ያነሣው ሰው ማን እንደ ሆነ የጠየቅሁት ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ማንበብ ስጀምር ነው። መልሱ አስገረመኝ። ምስሉ የተነሣው በወታደር ካሜራ ወይም በከተማ ፎቶ ቤት አልነበረም፤ በአንድ የባሕር ዳር መንደር፣ ልጆችና አሳዳጊ የሌላቸው ዘመዶች፣ እንግዶችና የቤት ሠራተኞች በሞሉበት ግቢ ውስጥ፣ በአርባ ስምንት ዓመቷ ካሜራ የያዘች የቤት እመቤት ያነሣችው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚያችን ሴት፣ የጁልያ ማርጋሬት ካሜሮንን፣ የቤተሰብ ሕይወት በፍሬሽዋተር ቤቷ ዙሪያ ይከተላል። ዓላማውም ፎቶግራፉን ከተነሣበት ቤትና ወቅት ጋር አገናኝቶ ማንበብ ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የቃል ችግርም አስቀድሞ መነሣት ይኖርበታል። በአማርኛ ክረምት ስንል የዝናቡን ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ማለታችን ነው፤ ተርጓሚዎቻችን ግን የአውሮፓን የታኅሣሥና የጥር ብርድ ክረምት ብለው ሲጽፉ ኖረዋል። ስለ ብርሃንና ስለ ወቅት በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ይህ መደበላለቅ ቀላል አይደለም። በመሆኑም እዚህ ላይ ብርዳማው ወራትና ሞቃታማው ወራት የሚሉትን መርጫለሁ።

ወደ ደሴቲቱ

ጁልያ ማርጋሬት ፓትል በሰኔ 1815 በካልካታ ተወለደች። አባቷ ጄምስ ፓትል የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ባለሥልጣን ሲሆን፣ እናቷ አደሊን ከፈረንሳይ መኳንንት ወገን ነበረች። ትምህርቷን በአብዛኛው ያገኘችው በፈረንሳይ፣ በእናቷ እናት ዘንድ ነው። በ1836 ከሕመም ለማገገም በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ኬፕ በነበረችበት ጊዜ፣ ኋላ ሕይወቷን የወሰኑትን ሁለት ሰዎች በአንድ ስፍራ ተዋወቀች። አንደኛው የሥነ ፈለክና የኬሚስትሪ ሊቁ ጆን ኸርሸል ነው። የብር ጨዎችን በማሟሟት ፎቶግራፍ በብርሃን እንዳይጠፋ የሚያጸናው ውሁድ የእርሱ ግኝት ሲሆን፣ አዲሱን የፎቶግራፍ ጥበብ ከናሙናዎች ጋር በደብዳቤ ያስተዋወቃትም እርሱ ነበር። ሁለተኛው በሃያ ዓመት የሚበልጣት የሕግ ሊቅ ቻርልስ ሄይ ካሜሮን ነው፤ በ1838 በካልካታ ተጋቡ።

ባሏ በሕንድ መንግሥት የሕግ አማካሪነት ከፍተኛ ደረጃ ደርሶ በ1848 ጡረታ ሲወጣ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተዛወረ። ሀብቱን ያፈሰሰው ግን በሲሎን፣ ማለትም በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የቡና እርሻዎች ላይ ነበር። በሌላ አነጋገር የቤቱ ኑሮ የሚደገፈው በሩቅ ደሴት ላይ በሚበቅል ቡና ሲሆን፣ አባወራውም አዝመራውን ለማየት እየተመላለሰ ወራትን በሲሎን ያሳልፍ ነበር። ካሜሮኖች አንዲት ሴትና አምስት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ከእነርሱም ጋር ወላጆቻቸውን ያጡ የዘመድ ልጆች ያሳድጉ ነበር። ታላቂቱ ልጃቸው የእናቷን ስም ጁልያን ስትይዝ፣ በ1852 የተወለደው የመጨረሻው ልጅ በኸርሸል ስም ሄንሪ ኸርሸል ተባለ።

ፍሬሽዋተር በደቡብ እንግሊዝ በዋይት ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኝ መንደር ነው። ባለቅኔው አልፍሬድ ቴኒሰን ከ1853 ጀምሮ ፋሪንግፎርድ በተባለው ቤት በዚያ ይኖር ስለ ነበር፣ ካሜሮን እርሱን ለመጠየቅ ስትሄድ ስፍራውን ወደደችው። በ1860 ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች ገዝታ በመካከላቸው ግንብ አስገንብታ አንድ አደረገቻቸውና፣ በሲሎን ካሉት የቤተሰቡ እርሻዎች በአንዱ ስም ዲምቦላ ብላ ሰየመችው። የስያሜው ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይመስለኝም። አዲሱ ቤት የሚጠራው ባልየው ሁልጊዜ በሚናፍቀው የቡና አገር ስም ነበር፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ለምን ደሴቲቱን ጥሎ እንደ ሄደ ፍንጩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታያል።

ዶሮዎቹ የወጡበት ብርዳማ ወራት

በ1863 መጨረሻ ባሏ በሲሎን ሳለ፣ ያገባችው ልጇ ጁልያና አማቿ ቻርልስ ኖርማን አንድ ካሜራ በስጦታ ሰጧት። ዓላማው በብቸኝነቷ ጊዜ የምትጫወትበት ነገር እንዲሆናት ነበር። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ስጦታ እንደ ድንገተኛ መገለጥ ይተርኩታል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም፤ ካሜሮን ከዚያ በፊትም የፎቶግራፍ አልበሞችን ታዘጋጅ፣ ሌሎች ያነሡትንም ታሰባስብ ነበር። አዲሱ ነገር መሣሪያው በእጇ መግባቱና ቤቱን በሙሉ ወደ ሥራ ቦታ መለወጧ ነው።

የድንጋይ ከሰል ማከማቻው ጨለማ ክፍል ሆነ። በመስታወት የተሠራው የዶሮ ቤትም ዶሮዎቹ ወጥተው የማንሻ ክፍል ሆነ። በ1874 ጀምራ ሳትፈጽመው በቀረችው አጭር የሕይወት ማስታወሻዋ ውስጥ ዶሮዎቹ እንዳልታረዱ ተስፋ እንደምታደርግ፣ ከእንቁላል ሽያጭ ወንዶች ልጆቿ ያገኙት የነበረው ጥቅም ግን እንደ ቀረ በቀልድ ትገልጻለች። የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ወረቀት የሚቀባው በእንቁላል ነጭ ስለ ነበር፣ ካሜሮን ዶሮዎቹን ያስወጣችው እንቁላል እጅግ ለሚያስፈልገው ሥራ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

አሠራሩን ማወቅ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ አስፈላጊ ነው። እርጥብ ኮሎዲዮን በሚባለው ዘዴ አንሺው አንድ ንጹሕ መስታወት ወስዶ የሚጣበቅ ፈሳሽ ያፈስበታል፤ ከዚያም በጨለማ ውስጥ በሲልቨር ናይትሬት ይነክረዋል፤ ሳይደርቅም ካሜራ ውስጥ አስገብቶ ያነሣል፤ አሁንም ሳይደርቅ ወደ ጨለማው ክፍል ተመልሶ ምስሉን ያወጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ካሜሮን የምትጠቀምባቸው መስታወቶች ትላልቅ ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ 11 በ9 ኢንች፣ ኋላ የገዛችው ካሜራ ደግሞ 15 በ12 ኢንች። መስታወቱ በሰፋና ሌንሱ ወደ ፊት በቀረበ መጠን ምስሉ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህም ተነሺው ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በመጨረሻ ኬሚካሉን ለማጠብ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃው የሚመጣው ከጉድጓድ ነው። ለአንዱ ኅትመት ብቻ ዘጠኝ ቆርቆሮ ውኃ እንደሚቀዳ ጽፋለች። በጥር ያን ውኃ የቀዱት እጆች የማን እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም፤ የቤቱ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ወቅት ወሳኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን በሙሉ እምብዛም አይለያይም። በዋይት ደሴት ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ለስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሰኔ ከአሥራ ስድስት ሰዓት በላይ ትቆያለች። ኮሎዲዮን የሚሰማው ደግሞ በተለይ ሰማያዊውን የብርሃን ክፍል በመሆኑ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ በጭጋግ በምትወጣበት በብርዳማው ወራት መስታወቱ እጅግ ይዘገያል። ካሜሮን ሥራውን የጀመረችው በዚህ በከፋው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያነሣችው የመንደሩን አንድ ገበሬ ሲሆን፣ እንዲቀመጥላት በሰዓት ትከፍለው ነበር፤ ገና እርጥብ የነበረውን መስታወት ግን በእጇ አብሳ ምስሉን አጠፋችው።

ዓርብ ጥር 29 ቀን 1864 ግን ተሳካላት። አኒ ፊልፖት የምትባል ልጅ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አነሣች፤ ኅትመቱን አዘጋጅታ፣ አጽንታና ክፈፍ አስገብታ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ለልጅቱ አባት አስረከበች። ከደስታዋ ብዛት ለልጅቱ የምትሰጠው ስጦታ ፍለጋ ቤቱን ሁሉ ስትሮጥበት እንደ ዋለች ጽፋለች። ምስሉ ትንሽ ነው፤ ልጅቱ ካፖርቷን እንደ ቆለፈች ወደ ጎን ትመለከታለች። ኋላ ከመጡት ታላላቅ ሥራዎቿ አንጻር ልከኛ ቢመስልም፣ እኔ ከብዙዎቹ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ የቤት ውስጥ ብርድና የአንዲት ልጅ ትዕግሥት ይታይበታልና።

የቤቱ ሰዎች

ባሏ ከሲሎን ሲመለስ ሚስቱን በብር ጨው የጠቆሩ ጣቶች ይዛ አገኛት። ያነሣቻቸውን መስታወቶች ገና እርጥብ ሳሉ ወደ መመገቢያ ክፍል ይዛ እየሮጠች ታሳየው ነበር፤ የሚንጠባጠበው ሲልቨር ናይትሬት የማይለቅ እድፍ እየተወ የቤቱን የማዕድ ልብሶች አበላሸ። እርሷ ራሷ በሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ በዚህ ምክንያት በተባረርሁ ነበር ብላ የምታስብ ትመስላለች። ቻርልስ ካሜሮን ግን እያንዳንዱን ሥራ በደስታ ይመለከት ነበር፤ ነጭ ጸጉርና ረጅም ጢም ስለ ነበረውም ለንጉሥ ሊርና ለጠንቋዩ መርሊን ሚና ተነሺ ሆኗል። በመርሊን ሚና ሲነሣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ብዙ መስታወት እንዳበላሸ ይነገራል።

የቤቱ ሠራተኞችና የመንደሩ ሰዎችም እንዲሁ ተነሺዎች ሆኑ። ሜሪ ሂሊየር የምትባለው የአካባቢው ተወላጅ ሠራተኛ እመቤታችንን ሆና ደጋግማ በመነሣቷ የመንደሩ ሰው በዚሁ ስም ይጠራት ጀመር። የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆነው ትንሹ ፍሬዲ ጉልድ እንደ መልአክ፣ የልጇ ልጅ አርቺ ካሜሮን ደግሞ ገና ሕፃን ሳለ እንደ ተኛ ክርስቶስ ሆነው ተነሥተዋል። ባሏ ሽማግሌ፣ ሠራተኛዋ ድንግል፣ የልጅ ልጇ ሕፃን ክርስቶስ፤ ካሜሮን የቅዱሳንን ሥዕል የምታዘጋጀው ከቤቷ ሰዎች ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሥዕል የምናየውን ቅዱስ ከጎረቤታችን ፊት ጋር ማመሳሰል ለእኛ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ለእርሷ ግን ሃይማኖታዊው ምስል የሚጀምረው ከዕለት ኑሮ ነበር።

የሜሪ ራያን ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል። ካሜሮን ቤተሰቧ ለንደን አቅራቢያ ፑትኒ በነበረበት ጊዜ ከእናቷ ጋር ስትለምን ያገኘቻትን ይህችን አየርላንዳዊት ልጅ ወደ ቤቷ ወስዳ ከልጆቿ ጋር አስተማረቻት። ኋላ ግን ያደገችው ልጅ የቤት ሠራተኛም፣ ፎቶ ተነሺም ሆነች። በለንደን በተደረገ የካሜሮን ትርኢት ላይ የሜሪን ምስል ያየ ሄንሪ ኮተን የተባለ ወጣት ወደዳት፤ በ1867 ተጋቡ። ኮተን በሕንድ አስተዳደር ከፍተኛ ማዕረግ ላይ ሲደርስ የፑትኒዋ ለማኝ ባለ ማዕረግ እመቤት ተባለች። ታሪኩ እንደ ተረት ተደጋግሞ ቢተረክም አንድ ነገር ይደብቃል። ካሜሮን ሜሪን ስታሳድግ ከልጅነትና ከሠራተኝነት መካከል የትኛውን እንደ ሰጠቻት በግልጽ አይታወቅም፤ ምናልባት ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ርኅራኄዋና ለሥራዋ የነበራት ፍላጎት የተለያዩ አልነበሩም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። የቡናው ገቢ እያነሰ በመሄዱ ካሜሮን ፎቶግራፉን እንደ ገቢ ምንጭ ማየት ጀመረች። በ1864 የለንደን ፎቶግራፍ ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1865 የሳውዝ ኬንዚንግተን ሙዚየም ሥራዎቿን ገዛ፤ ምስሎቿን በባለቤትነት መብት እያስመዘገበች በለንደን በኮልናጊ መደብር ታሸጥ ነበር። የማኅበሩ ባለሙያዎች የምስሎቿን ብዥታ፣ በመስታወቱ ላይ የቀሩትን ጭረቶችና የጣት አሻራዎች እንደ ጉድለት ቆጠሩባት። ሌንሱን አስተካክላ ወደ ፍጹም ጉልህነት ከመድረሷ በፊት ለዓይኗ ያማረው ላይ ትቆም እንደ ነበር ስለ ገለጸች፣ ብዥታው ምርጫ እንጂ ስሕተት ብቻ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጭረቱና አሻራው ግን ከችኮላ የመጣ ይመስለኛል።

ሐምሌ 1860 ዓ.ም.

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1868 ለካሜሮን የተትረፈረፈ ዓመት ነው። ሙዚየሙ ለማንሻነት የምትጠቀምባቸው ሁለት ክፍሎች ፈቀደላት። በሞቃታማው ወራት ደግሞ ፍሬሽዋተር በእንግዶች ተሞላ። ቻርልስ ዳርዊን ከቤተሰቡ ጋር ከካሜሮኖች ቤት ተከራይቶ ሳምንታት ተቀመጠ፤ አሜሪካዊው ባለቅኔ ሎንግፌሎው ቴኒሰንን ሊጠይቅ መጣ፤ ሁለቱም በካሜሮን ፊት ተቀመጡ። የዚያ ዓመት ሐምሌ በእንግሊዝ ደረቅና እጅግ ሞቃት ነበር። ረጅም ቀን፣ ጠንካራ ብርሃን፣ የተከበረ እንግዳ፤ ለአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

በዚሁ ወር አንድ ሌላ እንግዳ በደሴቲቱ ላይ ነበር። ልዑል ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰባት ዓመት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ልጁንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ይዞ ተነሣ፤ እቴጌይቱም በግንቦት ወር ትግራይ ውስጥ በጉዞ ላይ ሳሉ በሕመም ዐረፉ። ልጁ በአንድ የበዓል ሰሞን አባቱን፣ ከአንድ ወር በኋላ እናቱን አጥቶ ነው ወደ ባሕሩ የወረደው። ጠባቂው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ይህ ቁመተ ረጅም መኮንን ቀደም ሲል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገርና ባሻ ፈለቀ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ነው። በሐምሌ እንግሊዝ ደረሱ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን በዚያው በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦስቦርን ቤታቸው ተቀበሉት። ከዚያም ከስፒዲ ጋር በደሴቲቱ ላይ ሲቆይ ካሜሮን ለብቻውም፣ ከስፒዲ ጋርም አነሣችው።

በሀገሩ ሐምሌ የጭጋግ፣ የጭቃና የወንዝ ሙላት ወር ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሰማዩ ይዘጋል። እርሱ ግን በዚያ ዓመት ሐምሌን የተቀበለው በሚያቃጥል ፀሐይ ሥር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ እንኳ በማይጨልምበት አገር ነበር። ልጁ ይህን እንዴት እንደ ተረዳው የተወልን ቃል የለም። ፎቶግራፉን ስመለከት ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣው ይህ የወቅት መገላበጥ ትዝ ይለኛል።

ስለ ፊቱ አገላለጽ ብዙ ተብሏል። በፊቱ ላይ የሚታየው ትካዜ የአባቱና የእናቱ ኀዘን፣ የስደቱም ምስክር ነው ይባላል። ኀዘኑ እውነት ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ሆኖም አሠራሩን ያጠና አንባቢ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ልጅ ሊስቅ አይችልም፤ አኒ ፊልፖትም አትስቅም፤ ፍሬዲ ጉልድም አይስቅም። በካሜሮን ምስሎች ውስጥ ያሉ ልጆች ሁሉ ከንፈራቸው የተገጠመ፣ ዓይናቸው የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ከፊቱ ላይ የምናነበው ትካዜ ምን ያህሉ የልዑሉ፣ ምን ያህሉ የእርጥቡ መስታወት እንደ ሆነ መለየት አንችልም። ይህን ስል ኀዘኑን ለማቃለል አይደለም፤ ማስረጃውን ከፊቱ ሳይሆን ከታሪኩ መውሰድ ይገባናል ለማለት ነው።

ሌላው ማስረጃ ርእሱ ነው። ካሜሮን በፎቶግራፎቹ ሥር ልጁን በአማርኛ ማዕረጉ ደጃች ብላ፣ ስፒዲንም ባሻ ፈለቀ በሚለው ስሙ በላቲን ፊደል ጽፋቸዋለች፤ በአናባቢዎቹም ላይ የድምፅ ምልክቶች አድርጋለች። ቃሉ ደጃዝማች ሳይሆን በንግግር የሚታጠረው ደጃች መሆኑ፣ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ፣ ከአፍ የተሰማ እንደ ሆነ ያሳያል ብዬ እገምታለሁ፤ ሊነግራት የሚችለው ደግሞ ስፒዲ ወይም ልጁ ራሱ ነው። እንዲህ ከሆነ በዚያ መስታወት ቤት ውስጥ፣ ሌንሱ ተከፍቶ ሳለ ባይሆንም ከዚያ በፊትና በኋላ፣ አማርኛ ተነግሯል ማለት ነው። ከርእሱ ቀጥሎ የተጻፈው ግን የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ የሚል መግለጫ ነው። የለንደን ገዢ ደጃች ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም፤ የመቅደላን ስም ግን በዚያ ወር ከጋዜጣ በየቀኑ አንብቧል። ምስሉ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነበር።

ስለዚህ ፎቶግራፍ ያሉት አስተያየቶች ወደ ሁለት ያደላሉ። አንዱ ምስሉን የጦር ምርኮ ማሳያ አድርጎ ይወስደዋል፤ ልጁም እንደ መቅደላ ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት ተጭኖ የመጣ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የካሜሮንን ርኅራኄና ጥበብ ያደንቃል። ለእኔ ሁለቱንም የሚያስታርቀው ሳይሆን ሁለቱንም የሚያስጨንቀው ነገር የቤቷ ልማድ ነው። ካሜሮን ወላጅ አልባ ልጅ ሲመጣባት የማታውቅ ሴት አልነበረችም፤ ቤቷ የተሞላው በእነርሱ ነው። ሜሪ ራያንን ከመንገድ አንሥታ አሳድጋለች። ዓለማየሁ ግን ወደ ዲምቦላ የመጣው እንደ ሜሪ ለመኖር ሳይሆን ጥቂት መስታወቶች እስኪሞሉ ድረስ ብቻ ነው። የተቀመጠበት ወንበር ዳርዊን በተቀመጠበት ወር የተቀመጠበት ሲሆን፣ ዳርዊን ግን ምስሉን ገዝቶ ለወዳጆቹ የማደል፣ ካልወደደውም ያለመግዛት ነጻነት ነበረው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ስለ ምስሉ ምንም የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። የካሜሮን ደግነት ከዚህ አላዳነውም፤ የምስሉ ውበትም ቢሆን ከዚሁ ሁኔታ የተገኘ ነው።

አሁን አንድ የተገላቢጦሽ ጥያቄ ማንሣት ይቻላል። ያ ምስል ባይነሣ ኖሮ የልዑሉን የልጅነት ፊት በዚህ ቅርበት እናውቀው ነበርን? በዚያው ዓመት ሌሎች ባለሙያዎችም አንሥተውታል፤ ያነሡት ግን እንደ ፎቶ ቤት ደንበኛ፣ በቁመቱ፣ ከሩቅ ነው። የካሜሮን ልማድ ወደ ፊት መቅረብ ነው። ይህን ልማድ ያዳበረችው በሠራተኞቿና በልጅ ልጇ ላይ ነበር፤ ሰባተኛ ዓመቱን የያዘው ልጅ ዛሬ በእኛ መጻሕፍት ውስጥ የሚመለከተን በዚህ የቤት ውስጥ ልማድ በኩል ነው።

መሄድ

ከ1869 ጀምሮ የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ የሲሎንን እርሻዎች ያጠፋ ጀመር። የካሜሮኖች ዕዳ ከዓመት ወደ ዓመት ከበደ። በ1873 ካሜራውን የሰጠቻት ልጇ ጁልያ በወሊድ ሞተች። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ካሜሮን ለቴኒሰን የንጉሥ አርተር ቅኔዎች ምስሎች አዘጋጀች፤ ቴኒሰን የጠየቃት ለመጽሐፍ ኅትመት ቢሆንም በመጽሐፉ የወጡት ምስሎች አንሰው በመታተማቸው ቅር ተሰኝታ በራሷ ወጪ በትላልቅ ኅትመት አወጣቻቸው። ገቢው የደከመችበትን ያህል አልነበረም።

በ1875 ባልና ሚስት ወደ ሲሎን ተጓዙ። እቃቸውን ከሁለት የሬሳ ሣጥኖች ጋር መጫናቸው ይተረካል፤ በሲሎን ተስማሚ ሣጥን አይገኝም ብለው ነው ይባላል። ወንዶች ልጆቻቸው በዚያ ስለ ነበሩ ጉዞው ለቻርልስ ካሜሮን ወደ ቤት መመለስ ነበር። ለሚስቱ ግን የመስታወቱ ቤት ቀረ። በሞቃቱና በእርጥበታማው አየር፣ ንጹሕ ውኃና ኬሚካል እንደ ልብ በማይገኝበት ሁኔታ ጥቂት ምስሎች ብቻ አነሣች፤ ተነሺዎቿም በአብዛኛው የአካባቢው ሰዎችና የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። በ1877 የአትክልት ሠዓሊዋ ማሪያን ኖርዝ ስትጎበኛቸው ካሜሮን የሚመስል ልብስ አልብሳ ዛፍ ሥር አነሣቻት።

ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ጥር 26 ቀን 1879 በሲሎን ተራራማ ክፍል በዲኮያ ዐረፈች፤ ባሏም በሚቀጥለው ዓመት ተከተላት። ትንሹ ልጇ ሄንሪ ኸርሸል ኋላ በለንደን ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ልዑል ዓለማየሁ ከስፒዲ ተለይቶ በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ካለፈ በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን በሊድስ ከተማ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ፤ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። አፅሙ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።